የሦስተኛው ቤዝ ሰላምታ

አምሃ በግራ እጁ ነው የሚወረውረው። እናቱ እትዬ ሙሉወርቅ ያንን ግራ እጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይጠራ እንደመጣ እንግዳ ነበር የሚያዩት። ማንኪያ ሲያነሳበት "በቀኝህ!" ይሉታል፤ ሰው ሊጨብጥበት ሲል "በቀኝህ አልኩህ!" ይሉታል። ዲቪ ደርሷቸው ኮሎምበስ መጥተው ዋይትሆል በሚባል ሰፈር አፓርታማ ሲከራዩ፣ ያ እጅ ከተሸጠው የቤት ዕቃ ጋር አገር ቤት የቀረ መስሏቸው ነበር። እጁ ግን አብሮ መጣ።

ትምህርት ቤት የስፖርት መምህሩ አምሃ ሲወረውር አየና ዓይኑ በራ። በቤዝቦል ግራኝ ወርዋሪ፣ ፒቸር የሚሉት፣ እንደልብ አይገኝም። መምህሩ ቤት ደወለ። እትዬ ሙሉወርቅ እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ አስተርጓሚው ራሱ አምሃ ሆነ።

"ምን ይላል?" አሉ።

"ጨዋ ልጅ ነው ይላል። ከክፍል በኋላ ላስጠናው ይላል።"

"ምን ሊያስጠናህ?"

"ሒሳብ።"

እትዬ ሙሉወርቅ መምህሩን በስልክ መርቀው ፈቃዱን ፈረሙ። ልጃቸው ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ሲመጣ ግን ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። "ሒሳብ እንዲህ ያቆሽሻል እንዴ?" አሉና እስከ ዛሬ ቤዝቦልን "ሒሳብ" እያሉ ይጠሩታል።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ አንድ ክለብ አስፈረመው። ትልቁ ሊግ አልነበረም፤ ከሥሩ ያለው፣ ተጫዋቾቹ በአውቶቡስ ከትንሽ ከተማ ወደ ትንሽ ከተማ እየተንከራተቱ አንድ ቀን እንጠራለን የሚሉበት ሊግ ነበር። አምሃ የሚወረውረው ኳስ ያን ያህል ፈጣን አልነበረም። ያኖረው ተንኮሉ ነው። በቤዝቦል የተወረወረለትን ኳስ በዱላ የመታው መቺ ሯጭ ይሆናል፤ ከቤዝ ወደ ቤዝ እየተሸጋገረ ዞሮ መነሻው ላይ ሲደርስ ነጥብ ይቆጠርለታል። ቤዝ ማለት መሬት ላይ የተቀመጠ ነጭ ትራስ መሰል ነገር ነው። እግሩ ትራሱ ላይ እስካለ ድረስ ማንም ምንም አያደርገውም፤ እግሩን አንስቶ ኳስ በያዘ ሰው ከተነካ ግን አውት ነው፣ ይወጣል። አምሃ ፊት ለፊቱ ያለውን መቺ ዓይን ዓይኑን እያየ፣ ኳሷን በድንገት ሯጩ ወዳለበት ቤዝ ይልካታል። እግሩን አንስቶ የነበረው ሯጭ አውቶቡስ ጥሎት እንደሄደ ሰው ቆሞ ይቀራል።

እናቱ አንድ ቀን ይህን በስልክ ቪዲዮ ሲያሳያቸው ተቆጡ። "አንዱን እያየህ ሌላውን? እኔ እንዲህ ነው ያሳደግኩህ?"

ይህ ሁሉ የቆየው የክርኑ ጅማት እስኪበጠስ ነበር። ቀዶ ጥገናው እጁን መለሰለት፤ ኳሷ ግን ያው አልሆነችም። አንድ ጠዋት የቡድኑ አለቃ ቁርስ ላይ ጠርቶት ቡናውን እያማሰለ አሰናበተው። አምሃ ሻንጣውን ይዞ ኮሎምበስ ገባ፣ ኒው አልባኒ የሚገኝ መጋዘን ውስጥ ሥራ ጀመረ፣ ሔራንን አገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናቸውን ልጆች ሰብስቦ አሠልጣኝ ሆነ።

ችግሩ ልጆቹ በጣም ጨዋ መሆናቸው ነበር። ፒቸሩ ኤልናታን ኳሷ መቺውን ባገኘችው ቁጥር ጨዋታውን ትቶ ይሄድና "ሶሪ፣ አይዞህ" እያለ ትከሻውን ያሻሸዋል። አንድ ልጅ ሲወድቅ እናቶች "እኔን!" ብለው ውሃና ሙዝ ይዘው ሜዳ ይገባሉ። ሰው እያዩ ሌላ ቦታ መወርወርንማ ማን ይማረው!

የባሰው የበጋው የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ መጣ። ተጋጣሚያቸው ሊንደን የሚባለው ሰፈር የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ቡድን ነበር። አሠልጣኙ ደጀን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአምሃን ኳስ ይቀበል የነበረ የልብ ጓደኛው ሲሆን፣ ዛሬ ክሊቭላንድ ጎዳና ላይ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። የአምሃ ቡድን በአንድ ነጥብ እየተመራ ሳለ ፈጣኗ ናርዲ ሦስተኛው ቤዝ ደረሰች። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መነሻው ብቻ ነው። በዚያች ሰዓት የሊንደኑ ሽማግሌ ጋሼ ለማ ፀሐይ ሸሽተው ወንበራቸውን እየጎተቱ በመስመሩ ዳር ሲያልፉ፣ ናርዲ ቤዙን ለቃ ሄደችና ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። ቤዙን የሚጠብቀው የሊንደኑ ልጅ ሲሞን ኳስ በያዘ እጁ ጀርባዋን ነካ አደረጋት።

"አውት!" አለ ዳኛው።

ደጀን ሣሩ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

አምሃ በማግስቱ አወጀ፤ "ሜዳ ውስጥ ሰላምታ የለም!" ወላጆች ተነሱበት። ልጆቻችንን ሊያባልግብን ነው ተባለ፣ ሽማግሌዎች ገቡበት፣ አዋጁም ሳምንት ሳይሞላው ተሻረ። ቡድኑ መሸነፉን ቀጠለ።

ይኸኔ ሔራን ተናገረች። እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ቀልድ ትወዳለች፣ ድካም ግን ጠግባለች። መጋዘኑ አምሃን ሱፐርቫይዘር ሊያደርገው ጠይቆታል፤ ቦታው ግን ቅዳሜን ይጨምራል።

"አንድ ጨዋታ አሸንፉ" አለችው። "አንድ! ካሸነፋችሁ አሠልጣኝነትህ ይቀጥላል፣ እኔም አፌን እዘጋለሁ። ካልሆነ ሱፐርቫይዘር ትሆናለህ።"

"አንድማ ምን አላት!" አለ አምሃ።

"እኩል መውጣት ማሸነፍ አይደለም። ቀድሜ ነግሬሃለሁ።"

በጋው አለቀ፤ አንዷ ድል አልመጣችም። የመጨረሻው ጨዋታ እንደገና ከሊንደን ጋር ሆነ። ሔራን ታጣፊ ወንበር ዘርግታ ተቀመጠች። እትዬ ሙሉወርቅ ጃንጥላ ይዘው አጠገቧ ሆኑ።

"ሒሳቡ እንዴት ነው ዛሬ?" አሉት ልጃቸውን።

"እማዬ፣ ዛሬስ ተይኝ።"

ደጀን ከሩቅ ጮኸ፤ "አምሽ! የመጋዘን ጃኬትህን አዘጋጀህ ወይ? ለሱፐርቫይዘር ቀለሙ ሌላ ነው አሉ!" ወሬው ሊንደን ድረስ ደርሷል ማለት ነው።

ጨዋታው እስከ መጨረሻው እኩል ሄደ። በመጨረሻዋ ተራ ናርዲ እንደ ንፋስ ሮጣ ሦስተኛው ቤዝ ደረሰች። እሷ መነሻው ከገባች አሸነፉ፤ አውት ከሆነች ተራቸው አልቆ እኩል ተለያዩ፤ ጭማሪ የለም፣ ምክንያቱም ሜዳውን የሚጠብቅ ሌላ ቡድን ቆሟል። ቀጣዩ መቺ ኤልናታን ነበር፤ ኤልናታን ደግሞ በጋውን ሙሉ የመታው ነገር ቢኖር ዝንብ ነው። ኳሷ ሦስተኛው ቤዝ ላይ በቆመው ሲሞን እጅ ነበረች። ደጀን ለሲሞን "ኳሷን ያዝ፣ አትወርውር" የሚል ምልክት ሰጠና በጣም በትሕትና ወደ ሽማግሌው ዞረ።

"ጋሼ ለማ! ናርዲን ሰላም አላሏትም እኮ! እዚያች ጋ ናት።"

"እውነትህን ነው፣ አላየኋትም" አሉ ጋሼ ለማ፤ ኮፍያቸውን አስተካክለው ተነሱ።

አምሃ ገባው። አንዱን እያየ ሌላውን፤ ይህ የራሱ ተንኮል ነው፣ ደጀን ከእሱ ነው የተማረው። ሊጮህ አፉን ከፈተ። ግን ምን ብሎ? የሁለት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በተቀመጡበት "ጋሼ ለማን አትጨብጫቸው" ይበል? ሔራን ሳቋን በእጇ ሸፈነች። እትዬ ሙሉወርቅ ብቻ ጃንጥላቸውን አጥፈው ረጋ ብለው ያያሉ።

"ናርዲዬ! ደህና ነሽ ወይ የኔ ልጅ?" ጋሼ ለማ ከመስመሩ ዳር እጃቸውን ዘረጉ።

ናርዲ ዞረች። ግራ እግሯን ቤዙ ላይ ተከለች። ከዚያ ወገቧን፣ ትከሻዋን፣ ሁለት እጆቿን ወደፊት መዘዘቻቸው፤ እንደ ማስቲካ ተለጥጣ፣ አንገቷን ሰብራ፣ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው።

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ጋሼ?"

ሲሞን ኳሷን ጀርባዋ ላይ ለጠፈ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ እግሯን አየ። እግሯ ቤዙ ላይ ነው።

"ሴፍ!" አለ፤ አልወጣችም ማለት ነው።

"በጣም አድገሻል!" አሉ ጋሼ ለማ የተለጠጠውን ቁመቷን እያዩ። ሰላምታ የጀመሩ ሰው ደግሞ መሃል ላይ አያቆሙም፤ እጃቸውን ወደ ሲሞን አዞሩ። "አንተስ? ዛሬ እኔን ሰላም አላልከኝም።"

የሲሞን ግራ እጅ ጓንት ውስጥ ነው። ቀኝ እጁ ኳስ ይዟል። አሠልጣኙን አየ።

"ኳሷን! ሲሞን፣ ኳሷን!" አለ ደጀን።

"ሲሞን!" አለች እናቱ ከኋላ፣ ከደጀን በሚበልጥ ድምፅ። "ጋሼ ለማ እኮ ናቸው!"

ሲሞን ኳሷን ቀስ አድርጎ ሣሩ ላይ አስቀመጠ። ጓንቱን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

"ኤክስኪዩዝ ሚ ጋሼ" አለች ናርዲ፤ ሮጣም ገባች።

ሜዳው ተደበላለቀ። ደጀን ዳኛው ጋ ሮጠ፤ "ተጫዋች ያልሆነ ሰው እኮ መስመሩ ጋ መጣ!"

"አንተ አይደለህ እንዴ የጠራኸው?" አለው ዳኛው። "ጨዋታው ይቁም ያለ ማንም የለም። ነጥብ ነው።"

ደጀን ወደ ሽማግሌው ዞረ። "ጋሼ፣ ሲሞንን ምን አስጨበጠዎት?"

"እሷን ብቻ ጨብጬ የራሳችንን ልጅ ልለፈው?" አሉ ጋሼ ለማ ተቀይመው።

አምሃ ናርዲን ተሸክሞ ሲዞር ቆየና አወረዳት። "እግርሽን እንደዚያ ማድረግ ማን አስተማረሽ?"

"እትዬ" አለች ናርዲ በጣቷ እያሳየች። "ሺ ሴድ፣ እግር እዚያ፣ ሰላምታ እዚህ። በጋውን ሙሉ ከወንበር ጋር ፕራክቲስ አድርገናል።"

ሔራን ደረሰች። "እና ያሸነፍከው አንተ ነህ?"

አምሃ ጫማውን አየ። መዋሸት ይችል ነበር፤ ድሮ ሙያው ነበር። "እማዬ ናት" አለ።

"እንግዲያው አሠልጣኟ እሳቸው ናቸው። እኔ ቃል የገባሁት ለሚያሸንፍ አሠልጣኝ ነው።" ሔራን ወደ አማቷ ዞረች። "እትዬ፣ ይህን ሰውዬ ምን እናድርገው? ወደ መጋዘኑ እንላከው?"

እትዬ ሙሉወርቅ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ጊዜ ወስደው ነው ያዩት።

"ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ይሁን" አሉ በመጨረሻ። "ወንበር የሚሸከምልኝ ሰው ያስፈልገኛል። መወርወርም ትንሽ ትንሽ ይችላል።"

"ይሁን" አለች ሔራን። "ሰኞ ደውለህ ሱፐርቫይዘርነቱን አልፈልግም በላቸው።"

አምሃ የድሉን ኳስ ሲሞን ካስቀመጠበት ሣር ላይ አነሳና ለእናቱ አቀረበላቸው። እትዬ ሙሉወርቅ እጃቸውን አልዘረጉም።

"በቀኝህ" አሉት።

ኳሷን ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ።