ያለ ልቅሶ መገናኘት

ለተሚካኤል ደበሳይ ፒያሳ ውስጥ የአንድ ኬክ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። ወንበሯ ከባንኮኒው ጫፍ፣ ከመስታወቱ አጠገብ ነው። በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ያያታል፤ እሷም ሁሉን ታያለች። አባቷ ከአክሱም መጥተው እዚያው ፒያሳ ወርቅ ሲሠሩ ኖረው ያረፉ ሰው ናቸው። እሷ ተወልዳ ያደገችው ዶሮ ማነቂያ ነው። ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሐረርጌ ከከረመችበት ጊዜ በቀር ከሰፈሩ ርቃ አታውቅም። ጓደኞቿ ለተ ይሏታል።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰችው በ1966 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ። በሚቀጥለው ዓመት ተማሪው ለዘመቻ ተበተነ። ከዘመቻው በኋላ የመጣውን ጊዜ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከክፍሉ ልጆች የሞተ ሞተ፣ የታሰረ ታሰረ፣ የጠፋ ጠፋ። የተረፉት ሥራ ያዙ፣ ወለዱ፣ ወፈሩ።

የተረፉትን እንዳይበታተኑ ይዛ የቆየችው ለተ ናት። ማንም አልሾማትም። አንዱ ማኪያቶ ሊጠጣ ሲገባ የሌላውን ወሬ ትነግረዋለች፤ የራሱን ደግሞ ተቀብላ ለሚቀጥለው ታቆያለች። ስኳር በጠፋ ሰሞን ማኪያቶው መራራ ነበር። ሰዉ ግን መምጣቱን አልተወም። ለማኪያቶው ብቻ አልነበረም የሚመጣው።

ችግሩ ወሬው ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የእገሌ እናት አርፈዋል። የእገሊት ወንድም ሞቷል። ቀብሩ ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ድንኳኑ ሠራተኛ ሰፈር። ሰው ለመሰብሰብ የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ የጠየቀ ደግሞ ለምን ተብሎ ይጠየቃል። ለልቅሶ ግን ማንም ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ክፍሉ የሚገናኘው ድንኳን ውስጥ ሆነ። ጥግ ይዘው፣ ንፍሮ እየዘገኑ፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይሳሳቃሉ። ሲለያዩ፣ “እንግዲህ ቀጣዩ ሟች ያገናኘን” ይባባላሉ። ይህን ያመጣችው ስልክ መሥሪያ ቤት የምትሠራው ጥሩነሽ ናት። በምላስ የሚቀድማት አልነበረም።

በ1976 ዓ.ም. ጥር ላይ እንደዚሁ የአንዷ አክስት ሞተው ተሰበሰቡ። ጥሩነሽ ጋቢዋን እየሳበች፣ “እኔ ስሞት ደህና ቦታ ያዙ፤ በር አካባቢ ብርድ ነው” አለች። ሁሉም ሳቁ። ለተም ሳቀች። በማግስቱ ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ ግን ነገሩ ከልቧ አልወጣላትም። ትምህርት ቤቱን ከለቀቁ ዐሥር ዓመት ሊሞላቸው ነው። አንድ ቀን፣ ማንም ሳይሞት፣ እነዚህን ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ማየት ፈለገች። ሌላ ዓላማ አልነበራትም።

በመጀመሪያ የሄደችው ቀበሌ ነው። ሊቀ መንበሩ ወጣት፣ ክፉም ያልሆነ ሰው ነበር። ወንበር ሰጣት። ዓላማው ምንድን ነው ሲላት መተያየት ነው አለችው። መተያየት ብቻውን ዓላማ ሊሆን እንደማይችል በትዕግሥት አስረዳት። አዳራሹን በነፃ እንደሚሰጣት፣ ዝግጅቱን አንድ ካድሬ በንግግር እንደሚከፍተው፣ በመጨረሻም ተሰብሳቢው የአቋም መግለጫ እንደሚያወጣ ነገራት። ለተ አመስግና፣ ከጓደኞቼ ልማከር ብላ ወጣች።

ጥሩነሽ ስትሰማ፣ “የምን አቋም? እኛ የፈለግነው ቁጭ ብለን መብላት ነው” አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የአባይነህን ተዝካር እናውጣ የሚል ሐሳብ አመጣች።

አባይነህ የክፍሉ ቀልደኛ ነበር። በ1970 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። እናቱ ወይዘሮ አልጋነሽ በየእስር ቤቱ በር ስንቅ ይዘው ተንከራተቱ። በየደረሱበት የለም ተባሉ። ሞተም ያላቸው ግን አልነበረም። ስለዚህ ልቅሶ አልተቀመጡም፤ ጥቁርም አልለበሱም። ጥሩነሽ ይህን ስታነሣ ክፋት አልነበረባትም። ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ተዝካሩ ቢወጣ ለእናቱም እረፍት ነው አለች። ክፍሉ ሁሉ መሞቱን አምኖ ነበር። ለተም አምናለች።

በሚቀጥለው እሑድ ለተ ወደ ወይዘሮ አልጋነሽ ቤት ሄደች። ቤታቸው ከጊዮርጊስ ጀርባ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ለተ አጠገባቸው ተቀምጣ ወሬ አበዛች፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ስኳር ወረፋ፣ ስለ ሰፈሩ ውኃ መጥፋት። ሴትዮዋ ሰምተው ሰምተው፣ “ልጄ፣ የመጣሽበትን ተናገሪ” አሏት።

ነገሩን አዙራ አዙራ ነገረቻቸው። ዐሥረኛ ዓመታቸው መሆኑን፣ ልጆቹ መገናኘት መፈለጋቸውን፣ በዚያውም ለአባይነህ አንድ ነገር ቢደረግ መልካም እንደሆነ። ተዝካር የምትለው ቃል መጨረሻ ላይ ወጣች።

ወይዘሮ አልጋነሽ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ።

“አስከሬኑን አይተሻል?”

“አላየሁም፣ እትዬ።”

“እኔም አላየሁም።” ከቀሚሳቸው ላይ ገለባ አራገፉ። “ድግስ አማራችሁና የሚሞት ሰው አጣችሁ። ልጄን ልትገድሉልኝ መጣሽ።”

ለተ ተነሥታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በዚያ ቤት ደጅ ላለማለፍ ዙሪያውን ትሄድ ጀመር። ለጥሩነሽ ነገሩ ቀርቷል አለቻት። ጥሩነሽም ተዝካሩን ሁለተኛ አላነሣችም።

ፋሲካ ባለፈ ሳምንት ወይዘሮ አልጋነሽ ኬክ ቤቱ ገቡ። እዚያ ገብተው አያውቁም ነበር። የቀበሌ ሱቅ ወረፋ ላይ እንዳለ ሰው ባንኮኒው ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ለተ ከወንበሯ ዘላ ወርዳ ጥግ ካለው ጠረጴዛ አስቀመጠቻቸውና ሻይ አስመጣችላቸው። ሴትዮዋ ሻዩን ሳይነኩ አበረዱት።

“የኔ ነገር ሰውን አስፈርቷል” አሉ በመጨረሻ። “ስድስት ዓመት ሙሉ ከክፍሉ ልጆች አንድ ሰው ደጄን አልረገጠም። አንቺ መጣሽ፤ አንቺም ለተዝካር።”

እውነት ነበር። ልጆቹ ለልቅሶ እንዳይመጡ እሳቸው ልቅሶ አልተቀመጡም። ሊጠይቁ እንዳይመጡ ምን ብለው ይጠይቃሉ? ስለዚህ ሁሉም ቀሩ።

ወይዘሮ አልጋነሽ በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስን ይዘክራሉ። ጎረቤት ጠርተው ያበላሉ፤ ለዝክር ደግሞ ፈቃድ የጠየቀ የለም። ዘንድሮ ከጎረቤት ይልቅ የአባይነህን ጓደኞች ጥሪልኝ አሏት። ለተ ሁሉንም ወይ ስትላቸው፣ ሁሉንም አሉ፤ ቤቱ ጠባብ ቢሆን ይጨናነቃሉ።

“ግን ልጄ አለ። እንባ ይዞ የሚመጣ ሰው እቤቴ እንዳይገባ። አንድ ሰው ካለቀሰብኝ ሁላችሁንም አስወጥቼ በሬን እዘጋለሁ፤ ሁለተኛም አልከፍተውም።”

ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጠጥተው ሄዱ።

ለተ ጥሪውን እንደ ልማዷ በቃል አስተላለፈች። ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ እትዬ አልጋነሽ ቤት። ለሚገባው ሁሉ፣ “ልቅሶ አይደለም፣ ዝክር ነው” ትላለች። ነገር ግን በነዚህ ዓመታት ሁሉ ለተ ለልቅሶ እንጂ ለሌላ ጠርታ አታውቅም። ኬክ ቤት የመጣው ለቀረው ሲነግረው ጥሪው አጠረ። ሁለተኛው አፍ ላይ፣ እትዬ አልጋነሽ ጠርተዋል ተባለ። ናዝሬት ሲደርስ፣ እትዬ አልጋነሽ መሞቱን አመኑ ሆነ።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት የላብ አደሮች ቀን ነው። ከተማው በጠዋት አብዮት አደባባይ ወጥቶ ተሰለፈ። ከቀትር በኋላ እንግዶቹ ከሰልፉ በቀጥታ መጡ፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል፣ አንዳንዱ የተጠቀለለ መፈክር በብብቱ ይዟል። መፈክሮቹ በረንዳው ላይ ተደገፉ። ቄሱ ድፎ ዳቦውን ባርከው፣ ብዙ ቤት ስለሚጠብቃቸው ቶሎ ሄዱ።

በር ላይ የቆመችው ለተ የሴቶቹን ነጠላ አየች። አንዷ፣ ከኋላዋም ሌላይቱ፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ወንዶቹ ጥቁር ኮት አድርገዋል። ገብተው ግድግዳውን ተከትለው ተቀመጡና ዐይናቸውን መሬት ተከሉ። ወይዘሮ አልጋነሽ ከበሩ ፊት ለፊት ስለተቀመጡ ለተ ምንም ማለት አልቻለችም። ጥሩነሽ ነጠላዋን በወጉ ለብሳ ገባች፤ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና በለተ ጆሮ፣ “ማን ሞቶ ነው?” አለች።

በዚህ መሐል ኃይለማርያም ደረሰ። ከክፍሉ ልጆች አንዱ፣ ናዝሬት ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ በር የሚሞላ ሰው ነው። ከግቢው ጀምሮ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ “ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!” እያለ ገባ። እንባው አገጩ ላይ ደርሷል።

ወይዘሮ አልጋነሽ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

“ኃይለማርያም፣ ማንን ነው የምታለቅሰው?”

ኃይለማርያም ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ የለተን ፊት አየ። ያን ጊዜ ገባው። አፉ ላይ የመጣለት፣ ከናዝሬቱ ሰልፍ ለመቅረት በጠዋት ለአለቃው የተናገረው ሰበብ ነበር።

“አባቴን፣ እትዬ።”

“አባትህን ዛሬ ጠዋት ጊዮርጊስ አግኝቻቸዋለሁ። ከቅዳሴ ሲወጡ።”

ኃይለማርያም እንባውን በእጅጌው ጠረገ። “ደህና ናቸው?”

“ካንተ ይሻላሉ።”

በመጀመሪያ ያመለጣት ጥሩነሽ ናት። አፏን በነጠላ አፈነች፤ አልቻለችም። ወይዘሮ አልጋነሽ ዞረው አዩዋት። ለተ በሩን ያዘች፤ ሁላችሁም ውጡ የሚለውን ትጠብቃለች። ሴትዮዋ ከንፈራቸውን ነክሰው ቆዩ። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ለቅሶ የመሰለው አንድ ሁለት ሰው ተነሣ። ሳቅ ነበር። ቤቱ አብሯቸው ፈነዳ፤ ኃይለማርያም ራሱ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ሲበርድ ወይዘሮ አልጋነሽ ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ እየሄዱ ነጠላቸውን በገዛ እጃቸው አወለቁላቸው፤ እያገላበጡም ጥለቱን ወደ ታች መልሰው አለበሷቸው። ማንንም አልተቆጡም። ጨርሰው ተቀመጡና፣ “አባይነህ እናንተ ዘንድ እንዴት ያለ ልጅ ነው? አንድ ሰው ነግሮኝ አያውቅም” አሉ።

ሁሉም ተያዩ። ለተ ጀመረች። “ሰነፍ ነው፣ እትዬ። ሒሳብ የሚባል አይገባውም።”

“ከእኔ ነው የሚገለብጠው” አለ ኃይለማርያም። “እኔ ደግሞ ከለተ።”

ከዚያ ሁሉም ተናጠቁት። ዳይሬክተሩ ሲራመዱ እንዴት እንደሚያስመስላቸው፣ የጊዮርጊስን አጥር ዘሎ ሱሪው እንዴት እንደተቀደደ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተጨማሪ ትምህርት አለ እያለ ከቤት ሲወጣ የሚሄደው ሲኒማ እንደነበረ ጥሩነሽ አወጣች። ወይዘሮ አልጋነሽ ወጥ መጨለፋቸውን አቆሙ።

“እኔ በሌሊት ተነሥቼ ቁርሱን እያሰናዳሁ?”

“ሲኒማ ነው፣ እትዬ። እኔም አብሬው ነበርኩ።”

“ይምጣ ብቻ” አሉና ለኃይለማርያም ሌላ ሥጋ ጨመሩለት።

ሲመሽ ማንም መነሣት አልፈለገም። ወይዘሮ አልጋነሽ ጠላውን የቀዱበትን ጽዋ አነሡ። ይህ ነገር በዓመት አንድ ቀን አይበቃም፤ ወር በገባ በሃያ ሦስት የጊዮርጊስ ማኅበር ይሁን አሉ። በማኅበር ወግ ጽዋውን የተቀበለ ቀጣዩ ደጋሽ ነው። ጥሩነሽ፣ “አባቱን የገደለ ይቀበላል” አለች። ኃይለማርያም ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለ።

“የአባይነህን ተራ መጨረሻ አድርጉለት” አሉ እናቱ። “እስከዚያ ይደርሳል።”

እሺ አሉ። ማንም ዐይኑን መሬት አልተከለም።

ቀበሌው ኋላ መስማቱ አልቀረም። ሊቀ መንበሩ ኬክ ሊገዛ ሲመጣ የማኅበሩ ዓላማ ምን እንደሆነ ለተን ጠየቃት። ጊዮርጊስ ነው አለችው። ከዚህ በላይ አልጠየቀም።

ግንቦት ሃያ ሦስት ኃይለማርያም ማኅበሩን ያወጣው በአባቱ ቤት ነው። አባትየው አቶ ገብረሕይወት ወሬውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰምተዋል። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ወንበራቸውን በሩ ላይ አስደርገው ተቀመጡ። ለሚመጣው ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው፣ “አለሁ፤ ግቡ” ይላሉ። እንግዳው እየሳቀ፣ እጃቸውን እየሳመ ይገባል።

ወይዘሮ አልጋነሽ ከለተ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው መጡ። አቶ ገብረሕይወት ሲያዩአቸው ከወንበራቸው ተነሡ።

“አለሁ፣ አልጋነሽ። ግቢ።”

“ልጄም እንዲህ ብሎ ይቀበለኝ” አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ።

“አሜን” አሉ አቶ ገብረሕይወት። ለማንም ያልለቀቁትን ወንበር አንሥተው ወደ ውስጥ አስገቡላቸው።