በአዘዞ የተለቀሰላት እህቴ

አውሮፕላን ወድቆ አገር በሙሉ ሐዘን የተቀመጠው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ያን ሰሞን የማልረሳው እንደ ሰው ሁሉ ስላዘንሁ ብቻ አይደለም። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርሁበት ጊዜም የለም።

የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን "ሳታጣሩ አትደምድሙ" እያልሁ ስጨቀጭቅ ሃያ ዓመት ሞላኝ። ለቅሶ ቤት ደረቱን የሚደቃ ሰው ሳይ እንኳ በሆዴ "ምነው ትንሽ ቢረጋጋ" የምል ሰው ነኝ።

ከአዲስ አበባ የተነሣው አውሮፕላን መውደቁን የሰማሁት እሑድ ነው። ታናሽ እህቴ የሺ አዲስ አበባ ትሠራለች፤ በዚያው ሰሞን ለሥልጠና ወደ ውጭ እንደምትበር ነግራኛለች። እኔ ደግሞ ቀኑን አልጠየቅኋትም። ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። እስኪመሽ ደወልሁ፤ ያው ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ከእሷ ሌላ የሥጋ ዘመድ የለኝም። ለማንም ትንፍሽ ሳልል፣ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ ነጋ።

ገና ጎሕ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ብከፍት አያ ጎሹ፣ አያ ተገኘና የንስሐ አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሽማግሌ በዚያ ሰዓት ደጅህ ላይ ተሰልፎ ከቆመ ምን ይዞ እንደመጣ ሕፃን ልጅም ያውቃል።

"እንዴት አደርህ ልጄ? እስቲ አረፍ እንበል" አሉ አያ ጎሹ።

አላስጨረስኋቸውም። "የሺን! እህቴን!" ብዬ መሬት ላይ ተዘረርሁ።

ሦስቱ ተያዩ። ወዲያው አያ ተገኘ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው "ወይኔ ልጄን!" ብለው አብረውኝ ያለቅሱ ጀመር። ሠፈራችን መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ምን እንደተፈጠረ የሚጠይቀው በኋላ ነው። በአምስት ደቂቃ ግቢው ሞላ። የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ሊያመጡ ሮጡ። እትዬ ዘርፌ ወገባቸውን ታጥቀው የየሺን ቁመትና ጥርስ እያነሱ ሙሾ ያወርዳሉ። አይተዋት እንኳ አያውቁም፤ ወደ ሠፈራችን የመጡት እሷ ከሄደች በኋላ ነው።

ከኋላዬ ጥምጥም ብሎ የያዘኝ የአጥር ጎረቤቴ ሲሳይ ነው። ድንበሬን ገፋህ፣ አልገፋሁም ተባብለን ከገና ጀምሮ ተኳርፈናል። አሁን ዕንባው በአንገቴ ይወርዳል።

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። ሲሳይ ከኪሴ አውጥቶ ስሙን አየና ደርቆ ቀረ። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ለጠፈው።

"ወንድምዓለም፣ ምነው ሠላሳ ጊዜ ደወልህ? ከትናንት ጀምሮ መብራት ጠፍቶብን ስልኬ ሞቶ ነበር" አለች የሺ። "ጩኸቱ ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

"አንቺ" አልኋት።

ጉዞዋ ለካ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ስልኩን እየሳምሁ አለቀስሁ። ትንሽ ቆይቼ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርሁ።

"ታዲያ እናንተ ለምን መጣችሁ?"

የንስሐ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አንተንና ሲሳይን ልናስታርቅ ነበር። ሥራ ሳትወጡ እንድረስባችሁ ብለን ነው።"

ሲሳይ አሁንም እንዳቀፈኝ ነው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት እትዬ ዘርፌ ብቻ ናቸው፤ "እንዲህ ያለ ሸጋ ሙሾ በከንቱ አስፈሰስኸኝ!" ብለው ተቆጡኝ።

ድንኳኑ የደረሰው ይሄኔ ነው። ያመጡት ሰዎች ግራ ገብቷቸው ሊመልሱት ሲሉ አያ ጎሹ ከለከሉ።

"ትከሉት" አሉ። "እነዚያ በአውሮፕላኑ ያለቁትስ የሰው ልጆች አይደሉም እንዴ?"

ተተከለ። ያን ዕለት ስማቸውን እንኳ ለማናውቃቸው ሰዎች ሐዘን ተቀመጥን። እትዬ ዘርፌም ሙሾውን ከጀመሩበት ቀጠሉ፤ በዚህኛው ላይ ማንም አልሳቀም።

ጎረቤቶቼ ዛሬም "ሟቿ እንዴት ናት?" እያሉ ያሾፉብኛል፤ አብሬ እስቃለሁ። ግን ያን ማለዳ ስንት ሌላ በር እንደተንኳኳ አስባለሁ። እዚያ የቆሙት ሽማግሌዎች ለዕርቅ አልነበረም የመጡት።