ለሦስት ወር የተቋረጠው ኪኒን

ሉባባ ተውፊቅን ስታገባ ሕመሙን ደብቀው አልዳሯትም። ሽማግሌ ሆኖ ኮምቦልቻ ድረስ የመጣው አጎቱ ለአባቷ ሁሉንም በግልጽ ነገራቸው፤ ልጁ አሰብ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው፣ ጠባዩ የተመሰገነ ነው፣ ብቻ አንጀቱን ያመዋል፣ ለሱም መድኃኒት ይወስዳል አለ። አባቷ አንጀቱን የማያመው ሰው የት ይገኛል ብለው ሳቁ። እሷንም ያኔ ያስፈራት ሕመሙ ሳይሆን ስለ አሰብ ሙቀት የሚወራው ነበር። በ1983 መጨረሻ፣ ጦርነቱ አብቅቶ መንገዱ እንደተከፈተ፣ ከሰርግ ልብሷ ጋር በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጣ ወረደች።

ተውፊቅ ሲያመው የኖረውን አንጀቱን የሚያወራላት እንደ አስቸጋሪ ጎረቤት ነበር። የጀመረው በሃያ አራት ዓመቱ ነው። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ሁለትና ሦስት ወር ያሰቃየውና ይተወዋል፤ ዳነ ሲባል ደግሞ ይመለሳል። ያየው ሁሉ አሜባ ነው እያለ የአሜባ መድኃኒት ሲሰጠው አሥር ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄዶ ዶክተር ንዋይ የሚባሉ ሐኪም መብራት ባለው ቱቦ ውስጡን ካዩት በኋላ፣ አሜባ እንዳልሆነና የትልቁ አንጀቱ ግድግዳ ተቆጥቶ እንደቆሰለ ነገሩት። ጠዋትና ማታ የሚውጠው ቢጫ ኪኒን አዘዙለት። ሽንቱን ሳይቀር ብርቱካን የሚያስመስል ኪኒን ነበር፤ ግን ሠራለት። ሉባባ ያገባችው እንግዲህ ያን የዳነውን ሰው ነው፤ ጣቃውን ሙሉ በአንድ ክንዱ አውርዶ ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ፣ ነዳጅ ለሚያጣራው ሪፋይነሪ ሠራተኞች ሚስቶችም፣ ከበይሉል ለሚመጡ የአፋር ሴቶችም በየቋንቋቸው እየቀለደ የሚቆርጥላቸውን።

ሦስት ዓመት ልጅ ሳይመጣ አለፈ። እናቷ በየመንገደኛው የምትልክባት ሰላምታ መጀመሪያ ጥያቄ፣ ኋላ ምክር፣ ኋላ ደግሞ ዝምታ ሆነ። ሉባባ ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ፣ ጎረቤት ባለበት የሌላ ሰው ልጅ ማቀፍ እስከመፍራት ደረሰች። በ1986 ዓ.ም. ሁለቱም ለምርመራ አዲስ አበባ ወጡ። እሷን የመረመራት ሐኪም አንዳች ነገር አላገኘባትም። የሱ ውጤት ሲመጣ ግን ዘሩ ከሚገባው በብዙ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ተውፊቅ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በማግስቱ ለአንጀቱ ከሉባባ ጋር ወደ ዶክተር ንዋይ ሲሄድ ወረቀቱንም አሳያቸው።

«ይሄ ከኪኒኑ ነው» አሉ ዶክተሩ፣ ወረቀቱን በቅጡ ሳያነቡት። «አንዳንድ ወንድ ላይ ያመጣል። ሲቋረጥ ይመለሳል። ይህን የማያደርግ ሌላ ዓይነት ወጥቷል ይባላል፤ እዚህ ግን አልገባም።»

ሉባባ ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ፣ ለብዙ ዓመት፣ ቃል በቃል ታስታውሰዋለች። ዶክተሩ ለሦስት ወር፣ ቢበዛ ለአራት ወር ኪኒኑን እንዲተው ፈቀዱለት፤ ሚስቱ እንዳረገዘች በዚያው ቀን እንዲመለስበት አስጠነቀቁት። ከዚያም ወደሷ ዞር ብለው ነገሩን አብራሩላት። አንጀት ሲቆጣ ይቆስላል፣ አካል ደግሞ ቁስሉን በአዲስ ሥጋ ይተካል፤ ይህ ለአንድ ሰሞን ሲሆን ጤና ነው። ዓመት ከዓመት ሲቆስልና ሲተካ፣ ሲቆስልና ሲተካ ግን፣ ከሚተካው ሥጋ መካከል ሥርዓቱን የሚስት፣ በቃህ ሲባል የማያቆም ይፈጠራል።

«ካንሰር የምንለው እሱን ነው» አሉ። «ተውፊቅ ከታመመ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። አሥር ዓመት ያለፈው ሰው ደህና ነኝ ብሎ አይቀመጥም። ሕመም ኖረም አልኖረም በየዓመቱ መጥቶ መታየት አለበት። እርስዎ ያስታውሱት፤ ወንዶች ይረሳሉ።»

እሺ አለች። ያን ሰዓት ከሰማችው ሁሉ ልቧ ውስጥ የገባው ግን «ሲቋረጥ ይመለሳል» የሚለው ብቻ ነበር።

በአራተኛው ወር አረገዘች። ተውፊቅ ሱቁን ዘግቶ ቤት መጣ፤ እጇን ይዞ ተቀመጠ። ምሳ ከበሉ በኋላ፣

«እንግዲህ ኪኒኔን ልጀምር» አላት።

«ለልጁ ባይስማማውስ?»

«የምውጠው እኔ ነኝ እኮ።»

«ቢሆንም እስክወልድ ጠብቅ» አለችው። «ይሄን ያህል ታግሰናል፤ ጥቂት ወር ምን አላት?»

ኪኒኑ እርግዝናውን የሚነካበት ምክንያት እንደሌለ ዶክተሩ ነግረዋት ነበር። ፍርሃቷ ግን ያን አልሰማም። እሱም ሊያስቀይማት አልፈለገም፤ ጠበቀ።

ፋሪዳ በ1987 ተወለደች። በአርባ ቀኗ ተውፊቅ ነገሩን እንደገና አነሳ። ሉባባ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ እናት ስትባል ዓለም የሷ መስሏት ነበር፤ ብቻዋን የምታድግ ልጅ ታሳዝናለች፣ ወንድም ወይ እህት እስኪመጣላት ያው እንደጀመርነው እንቆይ አለችው። ኪኒኑን ከጀመረ በኋላ እንደገና አቋርጦ ሌላ ሦስት ወር ከመጠበቅ ይሻላል ብላ አስባ ነበር። ደግሞም የታመመ አይመስልም። በርበሬውን ቀንሳ፣ ጥራጥሬውን አስትታ፣ ዓሣውን ቀቅላ ስታበላው ደህና እየሆነ እንደመጣ ለጎረቤት ታወራ ነበር። በእጄ ምግብ አዳንኩት ትል ነበር። አዲስ አበባ ሄዶ መታየቱም ልጅቷ ጡት ስትጥል፣ ከዚያም በዓሉ ሲያልፍ፣ ከዚያም ዕቃው ሲገባ እየተባለ ተራዘመ። ሁለተኛው ልጅ አልመጣም።

በ1989 ክረምት ሪፋይነሪው መዘጋቱ ተሰማ፤ የቆዩ ደንበኞቻቸው ቤታቸውን እየፈቱ መውጣት ጀመሩ። ሁሉም ሰው ፊቱ ጠቁሮ ነበርና የተውፊቅን መክሳት ሉባባ ከጭንቀት ቆጠረችው። አንድ ቀን ፋሪዳን ይዛ ሱቅ ስትደርስ፣ አንዲት ደንበኛ ቆማ እየጠበቀች ተውፊቅ ከላይኛው መደርደሪያ ጣቃ ማውረድ አቅቶት ግንባሩን እንጨቱ ላይ አስደግፎ አየችው። መዳፉን ገልብጣ ስታየው እንደ ወረቀት ነጥቷል።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ሲስተር ታደለች የምትባል የዓመታት ልምድ ያላት ነርስ ነበረች። ሆዱን በቀኝ በኩል ዳብሳ እጇን እዚያው ላይ አቆየችው። ከዚያ ስንት ዓመት እንደታመመ ጠየቀችው። አሥራ ሰባት አለ። መድኃኒቱን ስትጠይቀው ተውፊቅ ዞሮ ሉባባን አያት፤ አስተያየቱ ወቀሳ አልነበረበትም፤ ምን ልበላት ብሎ የሚያማክር ነበር። ታደለች ለሐኪሙ ነገረችው፤ በሳምንቱ አዲስ አበባ ላኳቸው።

ዶክተር ንዋይ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲወጡ ሉባባ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ዕጢው አንጀቱን ሊዘጋው ደርሶ ስለነበር ያንን ቆርጠው እንዳወጡለት፣ ጉበቱ ላይ የተሠራጨውን ግን ምንም ሊያደርጉት እንደማይችሉ ነገሯት። አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ዶክተር፣ ሦስት ወር ነበር ያሉን» አለች። «እኔ ነኝ ያስተውኩት። ኪኒኑን ቢቀጥል ኖሮ ይድን ነበር?»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መቆጣቱን ያበርድለት ነበር። መቆጣቱ ከበረደ ይሄ የመምጣት ዕድሉ ይቀንሳል ብለን እናስባለን። በእርግጠኝነት አይመጣም ነበር ልልዎ ግን አልችልም። በየዓመቱ ባየው ኖሮ ግን ምናልባት ገና ትንሽ ሳለ አገኘው ነበር።»

አዎ እንዲሏት ወይም አይደለም እንዲሏት ፈልጋ ነበር። ሁለቱንም ሳይሏት ወደ ሌላ በሽተኛ ሄዱ።

አሰብ ከተመለሱ በኋላ አራት ወር ኖረ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ከባሕር ሲነሳ አልጋውን ግቢው ውስጥ ታወጣለታለች፤ ፋሪዳ እግሩ ሥር ቁራጭ ጨርቅ ለአሻንጉሊቷ ስታለብስ ያያታል። ሉባባ አንድ ቀን ፊቱን እያጠበችው እንባዋ መጣ፤ እኔ ነኝ የገደልኩህ አለችው።

«ደሙ ተመልሶ ነበር» አላት።

እጇ ቆመ።

«ፋሪዳ ሳትወለድ ነው የተመለሰው። በወር አንዴ፣ ሁለቴ። ከይልቃል መድኃኒት ቤት ሄጄ የድሮውን የአሜባ መድኃኒት እወስድ ነበር። በምግቤ አዳንኩት እያልሽ ለሰው ስታወሪ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ላበላሽብሽ አልፈለግኩም።»

«ብትነግረኝ ኖሮ…»

«አውቃለሁ። ብነግርሽ ኖሮ በነጋታው መኪና ላይ ታወጪኝ ነበር።»

ትንሽ አረፈና ውሃ ጠየቃት። ስለዚህ ነገር ከዚያ በኋላ አላወሩም። በየካቲት 1990 ሞተ፤ ቀበሩት። ስለ ደሙ የነገራት ሸክሟን ሊያቀልላት እንደነበር ታውቃለች። ግን አላቀለለላትም፤ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ማዕድ እየበላሁ፣ እየገረጣ ሲሄድ ሳላይ የቀረሁት ምን እያየሁ ነበር የሚል ሌላ ጥያቄ ጨመረባት።

በግንቦት ሁለቱ አገሮች ተጣሉ፤ ሉባባ የተረፈውን ጨርቅ ለጎረቤት ትታ ፋሪዳን አዝላ በመጣችበት መንገድ ወጣች። ኮምቦልቻ የተቀበላት፣ ለሥራ እዚያ ገብቶ የሚኖረው የተውፊቅ ታናሽ ወንድም ሀሰን ነው። ቤቱ በገባች በሁለተኛው ወር፣ ሀሰን ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ ደጋግሞ ፊቱ ጠቁሮ አየችው። በአገሩ ወግ ሴት እንዲህ ያለ ነገር ከባሏ ወንድም ጋር አታወራም። እሷ ግን ምሳ አቅርባለት እስኪበላ ጠበቀችና ሰገራህ ደም አለው ወይ ብላ ጠየቀችው። ሀሰን ከማፈሩ የተነሳ ከቤት ወጥቶ ሄደ። በማግስቱም ጠየቀችው፤ በሦስተኛው ቀን ሥራ ቦታው ድረስ ሄደች። ሰው እንዳይሰማት ሲል እሺ አላት።

ደሴ ሐኪም ዘንድ ስትወስደው ፋሪዳንም ይዛት ነበር። ረጅም ሰዓት ጠበቁ። ሀሰን ሲወጣ እየሳቀ ነው፤ ኪንታሮት ነው፣ ያውም ትንሽ፣ ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ያዋረድሽኝ አላት። ሉባባ አልሐምዱሊላህ አለች። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና ተውፊቅ ከተቀበረ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ያህል አለቀሰች። ፋሪዳ ምን ሆነሽ ነው ብላ ነጠላዋን ስትጎትታት፣ ሀሰን ልጅቷን አንስቶ አቀፋትና እናቷ እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቀ።