ካሳነሽና የገበያተኞቹ ለቅሶ

እንጅባራ ላይ ካሳነሽ ሲባል “የትኛዋ?” የሚል ካለ፣ “ያቺ ልጆቹን የምታስጮኸው” ይሉታል። በሥራ ሰዓት የአማርኛ መምህርት ናት። ከዚያ ውጭ ያለውን ጊዜዋን ግን አንድ ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት በተከራየው አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ወጣቶችን ቴአትር በማስተማር ታሳልፈዋለች። መድረኩ ከቀርከሃ የተሠራ ነው፤ ሲረግጡት ይንጣጣል። ዝናብ ሲጥል፣ እንጅባራ ላይ ደግሞ የማይጥልበት ቀን ጥቂት ነው፣ ቆርቆሮው የተዋናዩን ድምፅ ይውጠዋል። ስለዚህ ካሳነሽ፣ “ጮክ በሉ! መንገድ ላይ ያለው ጋሪ ነጂ ይስማችሁ!” ስትል ትውላለች።

ለእሷም እንዲህ ያላት ሰው ነበር። አዘና ከተማ አጠገብ፣ አውንጊ በሚነገርበት ቤት ያደገች፣ አማርኛን ትምህርት ቤት ገብታ የለመደች ዝምተኛ ልጅ ነበረች። የትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ ኃላፊ ጋሽ ይሄይስ አንድ ቀን ጠርተው፣ “ውሃ ቀድቼ መጣሁ” ብቻ ብላ የምትወጣበትን ሚና ሰጧት። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያዳምጣት የተሰማት ሙቀት እስከ ዛሬ ከደረቷ አልወጣም። ጋሽ ይሄይስ ካረፉ ቆይተዋል። ብድር በምድር ነውና፣ ለእሳቸው ያልመለሰችውን ለሌሎች ልጆች ትመልሳለች።

ዘንድሮ የመጣችላት ልጅ ሰርክአዲስ ናት፤ የድንች ነጋዴዋ የስሜነሽ ልጅ። ክረምቱን በሙሉ ከኋላ ተቀምጣ፣ ስሟን ሲጠሯት እንኳ መሬት እያየች ከረመች። ከዚያ አንድ ቀን ሚና ሰጥተው ቢያስነሷት፣ ያ ሁሉ ድምፅ የት ተደብቆ እንደከረመ እንጃ፣ ቤቱን ሞላችው። ካሳነሽ ያን ቀን ቤቷ የገባችው ብቻዋን እየሳቀች ነበር።

የተያዘው ቴአትር፣ ወንድሟ ለሥራ ወጥቶ በዚያው ስለቀረባት ልጅ ነው። እህትየዋ ሰርክአዲስ ሆነች። እናቷ የፈቀደችው ቴአትር ማለት ዘፈንና ቀልድ መስሏት ነው፤ ለቅሶ እንዳለበት የነገራት አልነበረም።

አንድ የገበያ ቀን፣ መርዶ የሚነገርበትን ክፍል ሲለማመዱ ሰርክአዲስ ደረቷን እየደቃች “ወንድሜን! ወንድሜን!” ብላ ለቀቀችው። የመጋዘኑ በር ክፍት ነበር። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሰሙ። በዚያ አገር ደግሞ ለቅሶ ሰምቶ ማለፍ የለም፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ከተለቀሰ በኋላ ነው። ዘንቢላቸውን በር ላይ ጥለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየጮኹ ገቡ። ተማሪዎቹ ደንግጠው ወንበሩን ለቀቁላቸው።

“እናቶቼ፣ የሞተ የለም! ልምምድ ነው!” ብትል ካሳነሽን ማን ይስማት። ከፊት የተቀመጡት አዛውንት፣ እማማ ሙሉነሽ፣ እንዲያውም እጇን ይዘው፣ “አይዞሽ ልጄ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ” አሏት።

በመጨረሻ የገባችው ስሜነሽ ነበረች። ልጇን መድረክ ላይ ፊቷ በእንባ ርሶ ስታይ ዘንቢሏን ጥላ ወደ መድረኩ ሮጠች።

“ማን ነው? አባትሽ ነው? ንገሪኝ!”

“ማንም አልሞተም እማዬ። ቴአትር ነው።”

“ምን?”

“ማስመሰል ነው።”

ለቅሶው በአንዴ ተቋረጠ።

“ሞት ይመሰላል እንዴ?” አለች ስሜነሽ። “ወንድምሽ በሰው አገር እየሠራ ‘ወንድሜን’ ብለሽ ታለቅሻለሽ? ሞት ትጠሪበታለሽ! ተነሺ! ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይሽ!” ወደ ካሳነሽ ዞረች። “አንቺስ መምህርት፣ ልጄን አስተምሪልኝ አልኩሽ እንጂ ሟርት አስለምጂልኝ አልኩሽ?”

ካሳነሽ ስለ ቴአትር ጥቅም የምትናገረው ሞልቷል። ያን ጊዜ ግን ሁሉንም ትታ፣ “ልነግርሽ ይገባ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ” አለች። ሰርክአዲስ ቦርሳዋን አንሥታ፣ እንደ ድሮዋ መሬት መሬት እያየች ከመድረኩ ወረደች። ይህች ልጅ ዛሬ ከዚህ በር ከወጣች ያ ድምፅ ዳግም እንደማይገኝ ካሳነሽ ታውቀዋለች።

“ቆይ እስቲ ስሜነሽ” አሉ እማማ ሙሉነሽ። “እኔ ጀምሬያለሁ። ግማሽ አልቅሼ እንዴት ብዬ ነው ቤቴ የምገባው?”

“ንፍሮውንስ ሳይቀምሱ!” አለች አንዷ ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

“እናንተ ሳቁ” አሉ እማማ። “ልጅቱ ሙት የላትም፤ ሙት የሌለው ምን ብሎ ያለቅሳል? እኛ ግን አለን። እኔ ባሌንም ወንድሜንም ቀብሬያለሁ። እሷ አፏን ይዛ ትቀመጥ፤ እኛ እናልቅስላት። የየራሳችንን ሙት ብናለቅስ ምን ሟርት አለበት?”

ስሜነሽ ካሳነሽን ቀና ብላ አየቻት። “‘ወንድሜን’ አትልም?”

“አትልም” አለች ካሳነሽ።

“መጥቼ በዓይኔ አያለሁ።”

እሑድ፣ ቴአትሩ ሲታይ፣ መጋዘኑ ጢም አለ። መርዶው ሲነገር ሰርክአዲስ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አፏን ገጥማ ተቀመጠች። ለቅሶው ከተመልካቹ መሐል፣ ከዚህም ከዚያም ተነሣ። ሴቶቹ የባልን፣ የወንድምን፣ የልጅን ስም እየጠሩ አለቀሱ፤ ልጅቱ ሁሉንም እየሰማች ዝም አለች። ከመጋረጃው ጀርባ የቆመችው ካሳነሽ እንዲህ ያለ ነገር በራሷ አስባ እንደማታመጣው ታውቃለች። እነዚያን ዘንቢል ያንጠለጠሉ ሴቶች ያመጣላትን አምላክ በልቧ አመሰገነች።

መጨረሻው ላይ ጭብጨባው ሲቀልጥ እማማ ሙሉነሽ ዞረው፣ “እናንተ! ለቅሶ ላይ ይጨበጨባል?” ብለው ተቆጡ። ሳቁ ከጭብጨባው በለጠ።

ስሜነሽ ወደ መድረኩ ጀርባ መጣች። የልጇን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ካሳነሽ ፍርዷን ጠበቀች።

“ጠዋት ለወንድሟ ደውዬለት ነበር” አለች ስሜነሽ። “ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አስቸገረን እንጂ ደህና ነው።” ነጠላዋን እያስተካከለች፣ “የሚቀጥለው ግን ሰርግ ያለበት ይሁን” አለች።

“ሰርክአዲስ ሙሽራ ሆና?”

“ኧረ አርፈሽ ተቀመጪ! ሚዜ ትሁን፤ ይበቃታል።”

ካሳነሽ ልትመልስላት አፏን ብትከፍት ሳቋ ቀደማት። የሚቀጥለው፣ ብላለች እኮ። ተመስገን።