ግማሹ ክሪስታል

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ግልጽ ፕላስተር ስለጥፍና ሳላቅቅ አለፈ። በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ይዤ ከደቡብ ጎንደር፣ ከእስቴ ተነሥቼ አውሮፓ የደረስሁ ተመራማሪ ነበርሁ። ሥራዬ ግን ንብርብር ከሆነ የሴሚኮንዳክተር ክሪስታል ላይ፣ ጥቂት አተሞች ብቻ የሚወፍር ሽፋን እስኪገኝ ድረስ በፕላስተር መላጥ ነበር። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ከኋላዬ ቆመው፣ «እጅሽ አይንቀጠቀጥም፤ ትቆያለሽ» አሉኝ። ስለ ዲግሪዬ አልጠየቁኝም።

ሁለት ሽፋኖችን በጥቂቱ አዛንፈን እናነባብራለን። ንብብሩ እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይፈስበታል፤ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። እኛ የምንፈልገው ከዚህም የራቀ ነበር፦ በንብብሩ ጠርዝ ላይ ብቻ የሚኖር፣ በቀላሉ የማይበላሽ፣ ቶፖሎጂካል የሚባል የኳንተም ሁኔታ። ምልክቱ በመለኪያው ግራፍ ላይ፣ ዜሮ ቮልቴጅ ጋ የሚነሣ ሹል ጫፍ ነው። ተራ ቆሻሻም ግን እንዲህ ያለ ጫፍ ያወጣል።

በሦስተኛው ዓመት ጫፉ ታየ። ኃላፊው ጽሑፉ ወዲያው ለኅትመት እንዲዘጋጅ አዘዙ። የሥራ ውሌ ሊያበቃ ተቃርቦ ነበር፤ መታደሱም በዚያ ጽሑፍ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ግን የክሪስታሉን ግማሽ ለተፎካካሪያችን ቤተ ሙከራ እንላክ አልሁ።

«ለሚጠሉን ሰዎች?»

«በእኛ አገር ድጓ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረ ሰው የገዛ መምህሩ ስላመሰገነው ብቻ መምህር አይሆንም። ጋይንት ወደሚባለው የምስክር ቦታ ሄዶ፣ ለማያውቁት ሊቃውንት አሰምቶ ያስመሰክራል።»

«ይህ ቤተ ሙከራ እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለም።»

«ቤተ ክርስቲያኑ ከእኛ ይልቅ ይጠነቀቃል» አልሁ። ካልተላከ ስሜን ከጽሑፉ እንደማወጣም ነገርኋቸው። ሥራው የእጄ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ፈቀዱ።

ለአባቴ በስልክ ነገርኋቸው። መሪጌታ ናቸው።

«አባዬ፣ ውድቅ ካደረጉት ሥራዬን አጣለሁ።»

«እኔንም ከጋይንት መልሰውኛል» አሉ። «እዚሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ‹ተመላሹ መጡ› ይሉኝ ነበር። በዓመቱ ተመልሼ አስመሰከርሁ። አሁን የእነዚያን ሰዎች ልጆች አስተምራለሁ፤ እነሱም ድምፃቸው ሸካራ ነው።»

ተፎካካሪዎቻችን ከላክንላቸው ክሪስታል ሁለት ንብብር ሠሩ። በአንዱ ጫፉ ጠፋ፤ ጽሑፋችንም አብሮ ቀረ። ከሁሉ ንጹሕ በሆነው በሌላው ግን ጫፉ ቆየ። ኃላፊው ከላኩልን ደብዳቤ ይህን የሚለውን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ያነበቡት አይመስለኝም። ውሌ አልታደሰም። የስንብት ግብዣም አልነበረም፤ ኬክ ስለማልወድ አልተጎዳሁም።

ዛሬ ደቡብ ጎንደር ውስጥ አስተምራለሁ። ያን ያህል የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ የለንም፤ የዚያን ንጹሕ ንብብር ጠርዝ በስሌት እናጠናለን። ስሌታችንን ከማሳተማችን በፊት ለእነዚያው ተፎካካሪዎች እንልካለን። ባለፈው ወር ከስማዳ የመጣች የዶክትሬት ተማሪዬ ቢሮዬ ገባች።

«ዶክተር፣ ስሌቴን ተቃወሙት።»

«ትክክል ናቸው?»

«ናቸው። ተሳስቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስቅሻል?»

«አረምሁት። ጫፉ አልጠፋም።»

ስሌቱን ሁለት ጊዜ አየሁት። እንዳለችው ነው። መልሳ እንድትልክላቸው ነገርኋት።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ፦ ክሪስታላችሁን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹን ለማይወዳችሁ ሰው ስጡ።