ቀይ ጠመኔ

የመሥሪያ ቤታችንን የእሑድ የእግር ጉዞ እንዳዘጋጅ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ለጀማሪ እንዳይከብድ፣ ለጎበዝም እንዳይቀል ተብያለሁ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስተን፣ እንጦጦ ላይ ያለውን አሮጌ ቤተ መንግሥት አይተን፣ በሌላ መንገድ ዞረን እዚያው እንመለሳለን። ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩና ሰው እንዳይጠፋብኝ በየመታጠፊያው አጥር ላይ በቀይ ጠመኔ ምልክት አደረግሁ።

ዙሪያውን ጨርሼ ስመለስ የሰፈሩ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አንዲት እናት እጄ ላይ ያለውን ጠመኔ እያዩ፣ "ልጄ፣ ቤታችንን መቼ ነው የምታፈርሱት?" አሉኝ።

ምልክቱ ለእግር ጉዞ ነው ብዬ ማልኩ፤ ስልኬን አውጥቼ ካርታውን አሳየኋቸው።

"ዞራችሁ እዚሁ ልትመለሱ?" ሲሉ እናትየዋ፣ ሁሉም ሳቀብኝ። ከዚያ ውሃ መጣና ምልክቱን ከየአጥሩ ላይ አብረን አጠብን።

ልሄድ ስል፣ ከዳር ቆመው ሲያዩ የቆዩ አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙኝ። የእሳቸው አጥር ላይ ምልክት አላደረግሁም ነበር።

"ለማንኛውም የእኔም ላይ አድርግበት" አሉኝ ቀስ ብለው። "እነሱ ከሄዱ እኔ እዚህ ከማን ጋር ልኖር ነው?"