የደላላው ዓይን

የሮብ ገበያው የበሬ ደላላ መንበሩ፣ የበሬን ጥርስ ከጋራ ማዶ ይቆጥራል ይባልለት ነበር። አንድ ዓይኑ አብጦ ከጉድጓዱ ሲወጣ ግን ገበያተኛው ቡዳ አደረገው። አንዱማ «ቢያየው በሬዬ በቁሙ ቋንጣ ሆነ» ብሎ ማለ።

የጤና ጣቢያው ሐኪም ግን ከዓይኑ ጀርባ ካንሰር እንደበቀለ፣ ይህም ኤች አይ ቪ የሰውነቱን የመከላከል አቅም ስላዳከመው እንደሆነ ነገረችው።

«ባሕር ዳር ቶሎ ከታከምክ ተስፋ አለ። አስታማሚ ግን ይዘህ ሂድ» አለችው።

መንበሩ ጎረቤቱን አበባውን ለመነ።

«በሄድኩ ነበር ጓዴ፣ ላሟ ትናንት ወለደች እኮ።»

«ላሟ ናት እንዴ የምታስታምመኝ?»

«ዓይንህ እኔን ተከትሎ ጥጃው ዘንድ ቢመጣስ?»

መንበሩ አስታማሚ ሲፈልግ ከርሞ እቤቱ ሞተ። ለቀብሩ አገር ነቅሎ ወጣ። አበባውም ቃሬዛውን ከሁሉ ቀድሞ ተሸከመ፤ መጀመሪያ ግን የሟቹ ዓይን በደንብ መሸፈኑን አረጋገጠ።